የሁለት በጎች ጉበት በነገሌ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ታላቅ ወንድሜን ላድን ብዬ ነው። ጋሼ ተሰማ ነገሌ ቦረና ጦር ሰፈር ሻምበል ናቸው። በፈቃድ መጥተው ሳለ የመረመራቸው ሐኪም ጉበታቸው አብጦ ስብ እንደሞላው ነገራቸው። "ስኳር፣ ነጭ ዳቦና ማካሮኒ ይቀንሱ። ስንዴውን ከነፉሩሽካው፣ ባቄላና ጎመን ይብሉ። አለዚያ ጉበቱ እየደረቀ ይሄዳል" ቢላቸው፣ "መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅ፣ የምን ጉበት ነው?" ብለው ስቀው ተመለሱ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ቁልቁል

ከአዶላ በኋላ የጭነት መኪናችን ደኑን ጥሎ ወደ ቆላው ወረደ። አፈሩ ቀይ ነው፤ ሰማዩ ዳር የለውም። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ በግራሩ መሃል ተገትሮ ሳይ፣ "ይህን ሁሉ ምስጥ ሠራው?" ብዬ ሾፌሩን ጠየቅሁት።

"ምስጥ አይቸኩልም፤ ቀስ በቀስ ነው" አለኝ።

አፌን እንደከፈትኩ ነገሌ ደረስኩ።

ነገሌ

ጋሼ ደጅ ወጥተው ተቀበሉኝ። የሸሚዛቸው ቁልፍ ተወጥሮ ሊበጠስ ደርሷል። ያመጣሁትን ያልተነፋ ዱቄት ፈትተው ሲያዩ ከት ብለው ሳቁ። "ፉሩሽካ! ከበቅሎ ቆጠርከኝ እንዴ?"

በማግሥቱ ለእኔ ክብር በግ ታረደ፤ ያረዱትም ራሳቸው ጋሼ ናቸው። በጉ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም፤ እንደ ጦር ሰፈሩ ልማድ ከወታደሩ ማዕድ በተረፈ ዳቦና ማካሮኒ የሰባ ነው። የቦረናው ወዳጃቸው አባ ጃተኒም "አካም፣ ናጋ?" እያሉ በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጡ ከአሬሮ ሜዳ ሣር ሲግጥ ያደገ በግ ይዘው መጡ፤ እሱም ታረደ።

አባ ጃተኒ በአገራቸው ወግ መጪውን ለማወቅ ሞራውን ሊያነቡ ጎንበስ አሉ። የቤቱን በግ ሞራ ገልጠው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄ አይነበብም፤ ስቡ ሁሉን ሸፍኗል። ምን አበላችሁት?"

"ዳቦ ነዋ!" አሉ የጋሼ ባለቤት እትዬ የሺ በኩራት። "ሣር እንኳ አላስቀመስነውም!"

ጉበቱ ወጣ። ቢጫ ነው፤ አብጧል፤ ጣት ሲነካው ይፈርሳል። የአሬሮው በግ ጉበት ግን ጥቁር ቀይ፣ ጠርዙም ስል ነበር። ፈጣሪ አንድ ዓይነት የሠራውን ጉበት መብል ብቻ እንዲህ ሲለያየው ማየቴ በጣም አስደነቀኝ።

ጋሼ ቢላዋውን አስቀምጠው ቀኝ ጎናቸውን ያዙ።

"የኔም እንዲህ ነው?"

"ሳይሆን አይቀርም፣ ጋሼ። ግን ከአሁኑ ከተጠነቀቁ ጉበት ራሱን ያድሳል ብሏል ሐኪሙ።"

"ራሱን ያድሳል? ያ ቢጫ ነገር?"

"አዎ።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቀስ ብለው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "የሺ፣ ያን ዱቄት እንዳትነፊው። እንዳለ አቡኪው።"

መልስ

ስንሰነባበት ጋሼ አንድ ከረጢት ስኳር አስታቀፉኝ። "ውሰድልኝ፤ እዚህ ካለ እጄ አያርፍም።"

አዲስ አበባ ደርሼ ደጁን ስከፍት ልጆቼ ከረጢቱን አይተው እየዘለሉ ከበቡኝ። ጥጋብ ሁሉ ጤና እንዳልሆነ ነገሌ አስተምራኛለችና ከፍ አድርጌ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። እስከ ዛሬ የምሰጠው ሰው አላገኘሁም፤ ጠላት የለኝም።