መርዶው እስኪነገር፣ ጣሪያ ላይ

ሰው የበዛበት ቦታ አልወድም። ሜልበርን ውስጥ መስከረም ሲጠባ ቼሪ የሚያብብባቸው መናፈሻዎች አሉ፤ ቅዳሜና እሁድ እግር መጣያ የላቸውም። አንዲት ቅርንጫፍ ሥር ፎቶ ለመነሳት ሃያ ሰው ይሰለፋል። ሙሽራው፣ ውሻው፣ በጋሪ የሚገፋው ሕፃን፣ ተራዬን ቀማሽኝ የምትለዋ ወይዘሮ። አንድ ዓመት ሄጄ ያየሁት አበባ ሳይሆን የሰው ማጅራት ነው። ሁለተኛ አልሄድኩም።

የእኔ ቼሪ ሌላ ቦታ ነው። የማጸዳው የቢሮ ሕንጻ መሀል ከተማ ላይ ነው፤ ሰባተኛው ፎቅ ላይ ሕንጻው ይጠብና በቀረው ጣሪያ ላይ የአትክልት ቦታ አለ። አሥራ አራት የቼሪ ዛፎች በትልልቅ የብረት ገንዳ ተተክለዋል፤ ሦስቱ ቅርንጫፋቸውን እስከ ወለሉ ድረስ ያወርዳሉ። እዚያ ቢሮ የምትሠራ አንዲት ጃፓናዊት፣ በአገሯ ከተሞችም ግርግር የሚጠላ ሰው በአበባው ወራት ፎቅ ጣሪያ ላይ ወዳለ አትክልት እንደሚወጣ ነግራኛለች። ለካ እንደኔ ሰው የሚሰለቸው ጃፓንም ውስጥ አለ ብዬ ደስ አለኝ።

ሠራተኞቹ አርብ ማታ ይበተናሉ። ቅዳሜ ጣሪያው ላይ ንብ ብቻ ነው ያለው። እኔ ቅዳሜ ሺፍት የለኝም፤ የመግቢያ ካርዴ፣ ፓሴ፣ ግን በሩን ይከፍታል። በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ሹልክ ብዬ ወጥቼ የእንጨቱ ወንበር ላይ እጋደማለሁ። ሰኞ የውሃ መውረጃውን የሚደፍነውን የአበባ ቅጠል የምጠርገው እኔ ስለሆንኩ፣ ቅዳሜ ሲረግፍ ማየት መብቴ ነው። ማንንም ወስጄ አላውቅም። እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው፤ ባይከለከልም አልወስድም ነበር።

ያን ቅዳሜ ማለዳ የእድራችን ሰብሳቢ ደወሉልኝ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ የዚህ ከተማ ሐበሻ ሁሉ ሞት በእሳቸው ስልክ ነው የሚያልፈው።

«የጎረቤትሽ እናት ሌሊት አርፈዋል» አሉኝ።

ፍሌሚንግተን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ነው የምኖረው። ጎረቤቴ ከእኔ በር ሁለት በር አልፎ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሰባ ሊሞላቸው ነው፣ እትዬ እላቸዋለሁ። እናታቸው አዲስ አበባ፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ ከፋሲካ ጀምሮ አልጋ ላይ የነበሩ።

«ዛሬ አይነገራቸውም» አሉ ጋሼ። «ግፊት አለባቸው። ነገ ማለዳ፣ ከቅዳሴ በፊት ተሰብስበን እናረዳቸዋለን። አንቺ ዛሬ ከቤት አውጪያቸው። ስልካቸውን ያዢባቸው።»

«ለምን እኔ?»

«አንቺ ፊትሽ አይነበብም።»

እኛ ሞትን በስልክ አንነግርም። ለብቻው ላለ ሰውም አንነግርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጠንከር ያለ ክንድ ያላት ሴት ከጎን ትቆማለች፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ባለቤቱ ብቻ የማያውቀው ነገር ይሆናል፤ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ደግነት ነው ይባላል። እኔም ደግነት ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ የት ልውሰዳቸው? ገበያ ብንሄድ አንዱ ወሬ የደረሰው ሐበሻ «እግዜር ያጽናዎት» ይላል። ቤተ ክርስቲያን ጭራሽ አይሞከርም። የአበባው መናፈሻም አይሆንም፤ በዚህ ወር ግማሹ የአገራችን ሰው ልጆቹን ይዞ እዚያ ነው። ሰው የማይደርስበት አንድ ቦታ ብቻ አውቃለሁ። ተናደድኩ። በዓመት አንዴ የማገኘውን ቅዳሜ ለእሳቸው ልሰጥ ነው።

እሳቸውን ደግሞ አልወዳቸውም ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለማኅበር ድግስ ሴቶች ተሰብስበን ስንሠራ፣ እጄን ታጥቤ ወደ ቡሃቃው ስጠጋ፣ «እሷን ሊጥ አታስነኳት፤ እጇ የፈረንጅ ሽንት ቤት ነው የለመደው» ብለው ሴቱን ሁሉ አሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በራቸውን ሳንኳኳ ፀጉራቸውን እየጎነጎኑ ነበር።

«አበባ ላሳይዎት» አልኳቸው።

«አንቺ? ምን ነክቶሽ? ልትሞቺ ነው እንዴ?» አሉና ሳቁ። አዲስ ጫማ አድርገው፣ ቢጫ ሻርፕ ጣል አድርገው ወጡ። ትራም ላይ ሙሉውን መንገድ ያወሩት ስለ አዲስ አበባ ጉዟቸው ነው። ትኬቱን ለጥቅምት ቡክ አድርገዋል። ለእናታቸው የሱፍ ካልሲ፣ የጉልበት ቅባት፣ የማይሰበር ኩባያ ገዝተዋል። ሻንጣው ሳሎን መሀል ተከፍቶ ነው ያለው፤ በየቀኑ አንድ ነገር ይጨምሩበታል። በመስኮት እያየሁ እሺ እሺ አልኩ።

ፓሴን አስነክቼ፣ በጓሮ ሊፍት አውጥቼ፣ የጣሪያውን በር ስከፍትላቸው ዝም አሉ። እትዬ ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አበባው ሙሉ በሙሉ ፈንድቶ ነበር፤ ቅጠል የሚባል ገና አልወጣም፤ ግራጫው የመስታወት ፎቅ ዙሪያውን ቆሞ መሀሉ ብቻ ነጭና ሮዝ ነው። ከታች የትራም ደወል በቀጭኑ ይሰማል። ነፋስ ሲመጣ አበባው ተነስቶ ሻርፓቸው ላይ ሰፈረ። አላራገፉትም።

ቀስ ብለው አንዱን ቅርንጫፍ ወደ አፍንጫቸው ሳቡ።

«ሽታ የለውም?»

«የለውም።»

«ፍሬስ?»

«ይሄ አያፈራም፤ ለማየት ብቻ ነው።»

«አይ ፈረንጅ! ሽታ የሌለው፣ ፍሬ የሌለው ዛፍ ሰባተኛ ፎቅ አውጥቶ ውሃ ያጠጣል። የእኛ ሊፍት ሲበላሽ ግን ሦስት ሳምንት።» ከዚያ ድምፃቸው ለወጥ አለ። «ግን ያምራል። በእውነት ያምራል። ለምን ዛሬ አመጣሽኝ?»

«እንዲያው ነው» አልኩ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ፎቶ ላንሳዎት ብዬ ስልካቸውን ተቀበልኩና ኪሴ ከተትኩት፤ ቁልፍ የለውም፣ ቁጥር መሸምደድ ስለማይወዱ አላስቆለፉትም። ከቦርሳቸው ብርቱካን አውጥተው ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ፀሐዩ ጀርባችንን ይመታል፣ ሰው የለም፣ አበባ ይረግፋል። የተላክሁበትን እስክረሳ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ስለ አባታቸው ያወሩኝ።

«አባቴ የሞተ ጊዜ ካርቱም ነበርኩ፣ ስደተኛ። ሁለት ዓመት ደበቁኝ። ለሞተ ሰው በሰው እጅ ጋቢ ልኬአለሁ፣ ታውቂያለሽ? ለሁለት ዓመት እንደ ጅል ሰላም በሉልኝ እያልኩ። እናቴን ግን ማንም አይነጥቀኝም። ከደረስኩ በእጄ አጎርሳታለሁ፤ ካልደረስኩም በእጄ አፈር አለብሳታለሁ። አስከሬኗ ሳጥን ውስጥ፣ በረዶ ቤትም ቢሆን ይጠብቀኛል፤ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ።»

ኪሴ ውስጥ ስልካቸው ተንቀጠቀጠ።

ፈንጠር ብዬ ከአንዱ ዛፍ ጀርባ አየሁት። ወንድማቸው ነው፣ ከአዲስ አበባ። ጋሼ መርዶውን የነገሯቸው መስሎታል። «እታለም፣ እግዜር ያጽናሽ። ድምፅሽን ብሰማ ስለማልችል ነው የጻፍኩልሽ። ትመጪ እንደሆነ እንዳልሽው ሆስፒታል እናቆያታለን። አልችልም ካልሽ ዛሬ በስድስት ሰዓት እንቀብራለን። ሰው እየተሰበሰበ ነው፤ አንድ ቃል መልሽልኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የመጣብኝ የሟች ነገር አይደለም፣ ፓሴ ነው። እዚህ ብነግራቸው ይወድቃሉ። ቢወድቁ አምቡላንስ ይመጣል፤ አምቡላንስ ከመጣ ጥበቃው ይመጣል፤ ጥበቃው ማን አስገባቸው ይላል። ሰኞ ሥራ የለኝም። ለጋሼ ደወልኩ፤ አላነሱም። ሽማግሌ የለ፣ ደጋፊ ክንድ የለ፣ ለነገ ማለዳ የተቀጠረ ነገር ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁት። ከዚህ ሁሉ ሥር ግን ያ የሊጥ ነገር ነበር። አሁን እጄ ምን ቢነካ ይከለክሉኛል?

በእሳቸው ስልክ፣ እሳቸውን ሆኜ ጻፍኩ። «አትጠብቁኝ። ቅበሯት።»

ላክሁ። «እሺ እታለም፣ አይዞሽ» የሚል መጣ። ሦስቱንም አጠፋሁ።

«ማነው?» አሉኝ ከወንበሩ።

«ማስታወቂያ ነው።»

«በይ ፎቶ አንሺኝ። ለእናቴ ይዤላት እሄዳለሁ። ጣሪያ ላይ ዛፍ አለ ብላት አታምነኝም።»

ከተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ሥር ቆሙ። ሻርፓቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ኮስተር ብሎ ነበር፤ የድሮ ሰው ለፎቶ ይኮሳተራል።

«ሳቅ ይበሉ እንጂ» አልኳቸው።

አልሆነላቸውም። «ምን ብዬ ልሳቅ?» ሲሉ ነፋሱ አንድ እፍኝ አበባ አፋቸው ውስጥ ጨመረባቸውና እየተፉ ከት ብለው ሳቁ። አነሳኋቸው። ቆንጆ ፎቶ ወጣ።

ስንመለስ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፣ ቻርጅ ላድርግልዎት ብዬ ቤቴ ወሰድኩት። በእኛ ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እሳቸው ራት ሠርተው ጠርተውኝ ነበር። ምስር ወጥ በላሁ። ጨው አንሶታል አልኩ።

እሁድ ማለዳ ኮሪደሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ሆነን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ቆምን። ጋሼ አንኳኩ። እትዬ ከፈቱ፣ ጋሼን አዩ፣ ነጠላውን አዩ፣ ከኋላ የቆምኩትን እኔን አዩ። ማንም ቃል ሳያወጣ «እናቴን!» አሉና ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ደረት ተደቃ፣ ተጮኸ፣ የታችኛው ፎቅ ሰው በር ከፍቶ ዘጋ።

ትንሽ ሲረጋጉ የመጀመሪያ ነገራቸው እንባ አልነበረም። እየዳኹ ሻንጣው ጋ ሄደው መዝጋት ጀመሩ። «ለዛሬ ማታ አውሮፕላን ፈልጉልኝ። ወንድሜ ያቆያታል፤ ቃል ገብቶልኛል።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተቀብረዋል እኮ። ትናንት።»

«ማን ቅበሩ ብሎ?»

ስልካቸውን ይዤ ስለነበር ተቀበሉኝና ደወሉ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። ወንድምየው እያለቀሰ ነበር።

«እታለም፣ አንቺ አይደለሽም እንዴ አትጠብቁኝ ያልሽው? ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ የጻፍሽውን አሳየሁ እኮ።»

እትዬ ስልኩን አዩ፣ ቀጥለው የእኔን እጅ አዩ። ወደ ፊቴ አልመጡም፤ እጄ ላይ ቆዩ።

«አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ለምን እንዳሉት አላውቅም። ምናልባት በዚያች ሰዓት ወንድማቸው በባዕድ ቃል እናቱን ቀበርኩ ብሎ እንዳይቃጠል ነው። አዳኑኝ። እኔም መዳኔን ተቀብዬ ዝም አልኩ። ለቅሶ የመጡ ሴቶች ማእድ ቤት ውስጥ «ልጅ ሆና እንዴት ቅበሯት ትላለች? ምን ዓይነት አንጀት ነው?» ሲሉ አጠገባቸው ቆሜ ብርጭቆ አጥብ ነበር። አንዷ «አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፣ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። «እንጃ፣ ሰው አይታወቅም» አልኳት። ወሬው ሐበሻ ያለበት ሰፈር ሁሉ፣ ፊትዝሮይ ደረሰ፣ ኬንሲንግተን ደረሰ። የሚወዷቸው ሁሉ በዓይን ገረመሟቸው። እትዬ አንድ ቀን እንኳን አልተከላከሉም።

አርባው ከወጣ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ገባሁ። ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ነበር፤ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«ስለ መቅበሩ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «ፈርተሽ ነው። ሰው ይፈራል። የሰው ወሬም ያልፋል።» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ወንድሜ መልእክቱን መልሶ ልኮልኛል። በእኛ ሰዓት ሰባት ተኩል ላይ ነው የሄደው። ፎቶው ሥር ደግሞ ሩብ ጉዳይ ለስምንት ይላል።»

ፎቶውን ወደ እኔ አዞሩት። አበባው፣ ቢጫው ሻርፕ፣ የተከፈተው አፍ።

«ልክ ከላክሽ በኋላ ነው ሳቅ ይበሉ ያልሽኝ። እናቴ ሳትቀበር ጥርሴን ከፈትሽው። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ታውቂያለሽ? ከመጣሁ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይሄን ነው ይቅር የማልልሽ።»

ተነስተው ሻይ ቀዱልኝ፤ ስኳር ስንት እንደምጠጣ ስለሚያውቁ አልጠየቁኝም። እስክጨርስ ድረስ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጠበቁኝ።