ከግድግዳው የወረደው ጡሩምባ

ጋሽ ብርሃኔ በጉለሌ የሰፈራችን ዕድር ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ጡሩምባውን እየነፉ የሟቹን ስም በየደጁ ይጠሩ ነበር። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ከተወረሱት ቤቶች በአንዱ ትንሽ ሙዚየም ሲከፍት፣ ጡሩምባውን ወስዶ ከአሮጌ ጋሻ ጎን ሰቀለው። ከሥሩ «የአሮጌው ሥርዓት መገልገያ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከእንግዲህ ሞት የሚነገረው በቀበሌው ድምፅ ማጉያ፣ በሊቀመንበሩ ፈቃድ ነው ተባለ።

አንድ ጠዋት ሙዚየሙን ልጎበኝ ገብቼ ሳለሁ ጋሽ ብርሃኔ እያለከለኩ መጡ። የባለሱቁ የያሕያ እናት፣ እማማ ዓሊማ፣ ዐርፈዋል። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ሄደዋል፤ የሙስሊም ቀብር ደግሞ አያድርም። ሴትዮዋ ጎረቤት ሳይሰማ ሊቀበሩ ነው።

ጋሽ ብርሃኔ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ጎብኚ ዞር ዞር አሉና ጡሩምባውን ከምስማሩ አወረዱት።

«ጋሽዬ፣ ቅርስ አይነካም!» አለች ጠባቂዋ ወለላ።

«እኔም ቅርስ ነኝ፤ እኔንም ስቀይኛ!»

«ኧረ ያሳስሩኛል!»

«የወሰደው ብርሃኔ ነው በያቸው። ቤቴን ያውቁታል።»

እኔ ቀስ ብዬ መንገድ ለቀቅሁላቸው። እዚያው ደጃፉ ላይ ነፉት። መጀመሪያ አቧራው ወጣ፣ ቀጥሎ ድምፁ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ሳይቀሩ ሥራቸውን ትተው ወጡ፤ ለቀብሩ መንገዱ ጠበበ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ አስጠርተው «ጡሩምባውን ይመልሱ» አሏቸው።

«ሰው መሞት ሲያቆም እመልሳለሁ» አሉና በብብታቸው እንደያዙት ወጡ።