«አይቼዋለሁ» ያልኩት መስመር

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰ። ቴሌቪዥኑ በራ፣ ፍሪጁ እያጉረመረመ ተነሣ፣ የጎረቤት ልጆች እንደ ልማዳቸው «መጣ!» ብለው ጮኹ። ለሰው ሁሉ ደስታ ነው። እኔ ግን መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው የምደነግጠው። ባለቤቴ «ደግሞ አሁን ምን ሆንሽ?» ይለኛል። «ምንም» እላለሁ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ መተረክ ስለሚያሳፍረኝ። ዛሬ ግን ልጻፈው።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ዊንጌት አካባቢ፣ ከአንድ ጎሚስታ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ በሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። ከታች ጎማ ሲነፋ ጠረጴዛችን ይንቀጠቀጣል፤ ለምደነው ነበር። የምንጽፈው ድራይቨር ነው። ይህን ስነግራት አክስቴ ለብዙ ዓመታት የምነዳው መኪና ስንት ሰው እንደሚጭን ስትጠይቀኝ ኖራለች። ድራይቨር ግን ኮምፒውተርን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም ነው። የዚያን ጊዜ ዕቃችን የክትባት ፍሪጅ የምትጠብቅ ትንሽ ሳጥን ነበረች። የፍሪጁ ሙቀት ከልክ ካለፈ ትጮኻለች። ገና የተተከለችው በአንድ ጤና ጣቢያ ብቻ ነበር፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በኩል ወጣ ብሎ።

በቢሯችን አንድ ሕግ ነበር። ማንም የጻፈው ነገር ሌላ ሰው መስመር በመስመር አንብቦ ከሥሩ «አይቼዋለሁ» ብሎ ስሙን ካልጻፈበት ወደ ዕቃው አይገባም። ሕጉ ጥሩ ነበር። ችግሩ የመጣው ጋሽ ወርቅነህ ሲቀጠሩ ነው።

ጋሽ ወርቅነህ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብለው ፕሮግራም ተማሩና እኛ ዘንድ መጡ። በተማሪነቴ አንድ ጊዜ የመሬት ሽቦውን ረስቼ የሣልኩትን ሥዕል በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ሰርዘው «ይህ ሥዕል ሰው ይገድላል» ብለው ጽፈውበታል። ያ ወረቀት ዛሬም ድረስ አለኝ። እንግዲህ አዲስ ገቢ ስለሆኑ የተሰጣቸው ሥራ ጽዳት ነበር። የተረሱ ክፍት ቦታዎችን መድፈን፣ ማንም የማይጠቀምባቸውን ስሞች ማውጣት፣ ኮምፒውተሩ የሚነጫነጭባቸውን መስመሮች ማስተካከል። የእሳቸውን ሥራ ለማየት የተመደብኩት ደግሞ እኔ። ተማሪ አስተማሪዋን ልታርም!

ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን እንኳ አንሰማማም። አንድ ረቡዕ ጋሽ ወርቅነህ አርባ ያህል ጥቃቅን ጽዳት ላኩልኝ። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር በጥንቃቄ አየኋቸው፤ እንከን አልነበራቸውም፣ እንደ እጅ ጽሑፋቸው ንጹሕ ናቸው። ከዚያ ዓይኔ መሮጥ ጀመረ። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ የተሰረዘ መስመር ላይ ቆምኩ። ሳጥኗ ገና ስትነሣ ከውስጧ አንድ ቁጥር የሚያነብ መስመር ነው። ያነባል፤ ያነበበውን ግን ማንም አይጠቀምበትም። የጻፈው ልጅ ሥራ ለቅቋል፣ ለምን እንደጻፈውም ማስታወሻ አልተወም። «ታዲያ ለምን ያነበዋል?» የሚል ነገር ሽው አለብኝ።

ልጠይቃቸው ተነሣሁ። ጋሽ ወርቅነህ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው የሽሮ ፍትፍት እየበሉ ነበር። ገና ሳልናገር «ነይ፣ ነይ፣ በሞቴ አንዴ» ብለው አጎረሱኝ። አፌ በመምህሬ ጉርሻ ተሞልቶ «ይህን መስመር ሲሰርዙ በዕቃው ላይ ሞክረውታል ወይ?» እንዴት ይባላል? ያጎረሰኝን እጅ የምነክስ ሆኜ ታየኝ። አመስግኜ ተመለስኩና ከአርባውም ሥር «አይቼዋለሁ» ብዬ ስሜን ጻፍኩ። ዓርብ ጠዋት አንዱ ባልደረባችን አዲሱን ፕሮግራም ወስዶ ጤና ጣቢያው ሳጥን ላይ ጫነው።

ቅዳሜ ቤት ቁጭ ብዬ የሳጥኗን መመሪያ ለሌላ ሥራ አገላብጥ ነበር፤ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ፣ ግማሹ የማይነበብ መጽሐፍ። ከአንድ ሰንጠረዥ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አየሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሳጥኗ የማስጠንቀቂያ ምልክት ታነሣለች፤ ያ ምልክት እስኪነበብ ድረስ ሌላ ማስጠንቀቂያ አታሰማም ይላል። ደግሜ አነበብኩት። መስመሩ የተጻፈው ለዚህ ነበር! ማንበቡ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ቁጥሩን ማንም ባይጠቀምበትም። እኛ ቢሮ መብራት ቢጠፋም ባትሪ ስላለ ነገሩ ፈጽሞ አይታይም። ጤና ጣቢያው ግን... ዓርብ ማታ ከእኛ ሰፈር እስከ እንጦጦ ድረስ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ከዚያም እስከ ጠዋት ጠፍቶ እንዳደረ አስታወስኩ።

ጤና ጣቢያው ስልክ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። ለጋሽ ወርቅነህ ልደውል ስልኩን ይዤ ቁጥራቸውን ግማሽ ድረስ መታሁና ተውኩት። ምን ብዬ? ጃንጥላዬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።

የአዲሱ ገበያ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሕፃን ታቅፋ ነበር። ሕፃኑ ጣቴን ጨብጦ አልለቅም አለ። የት እንደምታስከትበው ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ፈራሁ። የተበላሸ ክትባት ሽታም መልክም የለውም፤ ልጁ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ እናቱ ተከተበልኝ ብላ ተደስታ ትሄዳለች። በሽታው ሲመጣ ነው የሚታወቀው። ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ ጭቃው ጫማዬን እየያዘ ያስቀረዋል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲመጡ ወደ ቦዩ ገባሁላቸው። እርጥብ የባሕር ዛፍ ሲሸተኝ ዛሬም ድረስ ልቤ የሚመታው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

ዘበኛው «ሲስተር አበበች ማዋለጃ ክፍል ናቸው፣ ቁልፉ እሳቸው ጋር ነው፣ ጠብቂ» አሉኝ።

«ዛሬ ክትባት ነበር እንዴ አባባ?»

«እንዴታ! ጠዋትማ እናቶች ግቢውን ሞልተውት ነበር።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ የምታምጥ ሴት ድምፅ ይሰማል። ስንት ልጅ ይሆን? ስማቸው ተመዝግቦ ይሆን? ቤት ለቤት ዞሬ ልፈልጋቸው እችላለሁ? «ይህ ሥዕል ሰው ይገድላል» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እመቤቴ ማርያምን ለመንኳት፤ የጾሙም ወቅት የእሷው ነው።

ሲስተር አበበች እጃቸውን እያደራረቁ መጡ። ክፍሉን ሲከፍቱልኝ ቀድሜ ገባሁና ፍሪጁን ከፈትኩ። ቴርሞሜትሩ ሌሊት ከቀዩ ምልክት አልፎ ገና አልወረደም። ሳጥናችን አረንጓዴ መብራቷን አብርታ፣ አንዳች ሳትል ቁጭ ብላለች። መደርደሪያው ግን ባዶ ነው።

«ክትባቱስ?» አልኩ። «ጠዋት ለልጆቹ የሰጣችሁት?»

«ከበረዶ ሣጥን ነዋ የሰጠነው! ትናንት የላካችሁት ልጅ አድሰነዋል ብሎ ከሄደ በኋላ መብራት ሄዶ መጣ። ይቺ ዕቃችሁ ድሮ መብራት ሲመለስ አንዴ ጢጥ ትል ነበር። ትናንት ዝም። በቃ፣ ዝም ያለ ነገር አላምንም፤ ሁሉንም ገልብጬ በረዶ ውስጥ ከተትኩት። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር።» ከዚያ ፊቴን አዩት። «ምነው ልጄ? ምን ያስለቅስሻል?»

ለእሳቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳጥኗን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ስከት «ሠርታ እስክትመጣ እኔ አለሁ» ብለው እስከ በር ሸኙኝ።

በማግስቱ እሑድ ጋሽ ወርቅነህን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠበቅኳቸው። ነጠላቸውን አመሳቅለው ለብሰው ሲወጡ አዩኝና ፈገግ አሉ። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ማሳጠር አልቻልኩም፤ ጉርሻውን ሳይቀር ነገርኳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ያቺን መስመር ስሰርዝ እኮ ገብታኝ አልነበረም» አሉ። «አንቺ ካወቅሻት ትመልሻታለሽ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም ጋሼ?»

«ተማሪዬን? አፈርኩ።» አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ። ብዙ ምእመን በአጠገባችን አለፈ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፣ እንዲያውም የሚለምኑ ይመስሉ ነበር። «ልጄ፣ የላክሁልሽ እንድታዪልኝ እንጂ እንድታከብሪኝ አልነበረም።»

ሰኞ ጠዋት መስመሩን መልሰን አስገባነው፤ ከላዩ ለምን እንዳለ በሦስት ዐረፍተ ነገር ጽፈን። ጋሽ ወርቅነህ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብረውን ሠሩ። ጭቅጭቃችን ከታች የጎሚስታውን ድምፅ ይበልጥ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

እኔም አሁን ጸጉሬ ነጭ ሆኗል፤ ቢሮ ስገባ ወጣቶቹ ከወንበራቸው ይነሡልኛል። በዚህ ሳምንት እንዲሁ ሃያ ምናምን ጥቃቅን ጽዳት ሠርቼ፣ ዘንድሮ ለተቀጠረችው ለሕይወት ላክሁላት። ውኃ ጠጥቼ ሳልመለስ «አይቼዋለሁ» የሚል መልስ መጣ። ጠረጴዛዋ ድረስ ሄድኩ።

«በእውነት አየሽው?»

«እንዴ! እርስዎ የሠሩትን እኔ ምን ብዬ...» አለችና ሣቀች።

ያ የድሮው ፍርሃት ተመለሰብኝ። ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና «አንድ ጥያቄ ሳትጠይቂኝ ከዚህ አልነሣም» አልኳት። ተሳቀቀች፤ ፊቷ ቀላ። ለእኔም ቀላል አልነበረም፤ ግን አልተነሣሁም። እስክሪኑን ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች፣ ወጣች፣ እንደገና ወረደች። በመጨረሻ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና... ይሄ ለምን ተነሣ?»

መነጽሬን አስተካክዬ ተጠጋሁ። አየሁት። «እኔም ሳይገባኝ ነው የሰረዝኩት» አልኳትና መመሪያውን አውጥቼ በመሀላችን ዘረጋሁት።