የሳሎናችን ስም ጥሪ

ዛሬ ጠዋት ስም ስጠራ የሌለ ተማሪ "አቤት" አለኝ።

የስድስት ዓመት ልጄ ታማ ስለከረመች፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ እኔው ነኝ የማስተምራት። ደብተር ስታይ ሆዷን ያማታል። "ተማሪ የሌለበት ምን ትምህርት ቤት ነው?" ብላ አሻፈረኝ ስትል፣ ሁለት ስም ፈጥሬ በየጠዋቱ መጥራት ጀመርኩ።

"ጦና" ስል "ቀርቷል" ትላለች። "አስቴር" ስል "ቀርታለች" ትላለች። በራሷ ስም "አቤት" ትልና እንጀምራለን፤ እሱም ከቀናኝ ነው።

ዛሬ ገና "ጦና" ከማለቴ፣ ከጓሮ ከማንጎው ሥር ቀጭን የልጅ ድምፅ "አቤት" አለ።

ወጥቼ አየሁ። ማንም የለም። የግቢው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። የአባያ ሐይቅ ነፋስ እንኳ ስላልነበረ ቅጠል አይንቀሳቀስም።

ስመለስ ልጄ ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብላ የሁለት ሰው ቦታ ለቃለች። ሳልለምናት መጻፍ ጀምራለች። (ስንት ወር የለመንኳት ነገር።)

አስቴርን ገና አልጠራሁም ነበር።

"ለማን ነው የለቀቅሽው?" አልኳት።

ቀና ሳትል "እማ፣ ዛሬ የቀረ የለም" አለችኝ።

እናንተስ ቤት ያልወለዳችሁት ልጅ "አቤት" ብሏችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ። ነገ ስም ልጥራ አልጥራ የምወስነው እሱን አንብቤ ነው።