ለሰባት ዶሮ የሚበቃ ቆጥ

እናቴ ፍርዷን የሰጠችው በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ገብስማዋን ቄብ አንሥታ ወደ በሩ ብርሃን አወጣቻትና ጀርባዋን ገልጣ አሳየችኝ። ላባ የለም። ቆዳዋ ቀልቷል፤ ከጅራቷ በላይ ደም ደርቆበታል።

«አየሻት? ቀይቱ ዶሮ ነቁራ ጨርሳታለች። እንዲህ ሆና እንቁላል አትጥልም። ለፋሲካ ድስት ውስጥ ትገባለች።»

«እማዬ፣ የኔ ናት እኮ!»

እውነቴን ነው። ጫጩት ሳለች የክርስትና እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችልኝ ናት።

«ያንቺ ከሆነች አስታርቂያቸዋ!» አለችና ለቀቀቻት።

እሺ፣ አስታርቃለሁ አልኩ በልቤ። እማዬ የፋሲካውን ዶሮ የምትለየው በሆሣዕና ስለሆነ እስከዚያ ጊዜ አለኝ።

የአንኮበር ብርድ ዶሮ ደጅ አያሳድርም። የእኛዎቹ ሰባት ዶሮዎች የሚያድሩት እቤት ውስጥ ነው። ቆጣቸው ከጥጆቹ ጋጣ በላይ የተጋደሙ ሁለት እንጨቶች ነበሩ፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ። ሲመሽ አሮጊቷ ቀይ ዶሮ ከላይኛው ላይ ትወጣና የተጠጋትን ሁሉ ትነቁራለች። የተነቆረችው ዞራ ከሷ የምታንሰውን ትነቁራለች። እንዲህ እንዲህ እያለ የሁሉም ቂም ቄቧ ላይ ያርፋል፤ እሷ ደግሞ የምትነቁረው የላትም።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ የብራና ቁራጭ ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል፤ ስለዚህ ያሰብኩትን አዲስ ቆጥም ከመሥራቴ በፊት ጻፍኩት። ሰባት እንጨት እንደ ደረጃ አንዱን ካንዱ ከፍ አድርጌ ሣልኩና በየእንጨቱ አጠገብ የባለቤቱን መልክ ጻፍኩ። ቀይቱን ከላይ፣ ወሰራዋን ቀጥሎ፣ እያልኩ እስከ ቄቧ ወረድኩ። ሐሳቡን ያገኘሁት ከማኅሌት ነው። ደብተራዎቹ በየማዕረጋቸው ቦታቸውን አውቀው ይቆማሉ፤ ዶሮም ቦታዋ ከታወቀላት በምን ትጣላለች?

ሁለት ቀን ሙሉ የጥድ እንጨት ስልጥና ሳስር ዋልኩ። በመጀመሪያው ምሽት ስድስቱም የቀይቱን እንጨት ለመያዝ ተጋፉ። እሷም ካለችበት ሆና ቁልቁል ትነቁራቸው ጀመር። ኩሳቸው ሳይቀር በደረጃው ወርዶ ወርዶ ቄቧ ላይ አረፈ።

የአባቴ እኅት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ለዶሮ ማዕረግ? በይ እንግዲህ አጋፋሪም ሹሚላቸው!»

«አባባ፣» አልኩ ወደ አባቴ ዞሬ፣ «እንደናንተ እንደ ማኅሌቱ አድርጌ ነበር እኮ የሠራሁት!»

«እኛ በቦታ አንጣላም ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ። «ባለፈው በዓል ሁለት ደብተራዎች በመቋሚያ ሊማቱ ሲሉ እኔ አይደለሁም እንዴ የገላገልኳቸው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ከፍ ያለ ቦታ እስካለ ድረስ የሚመኘው አይጠፋም። በማግስቱ ሁሉንም ፈታሁት።

ከዚያ በኋላ መሥራቱን ትቼ ማየት ያዝኩ። ዶሮዎቹ ሲገቡ ከጥጆቹ መካከል ቁጭ እላለሁ። ቀይቱ ቄቧን የምታሳድዳት እስካየቻት ድረስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ቄቧ ከጋን ጀርባ ስትገባባት፣ ማንን እንደምታሳድድ የረሳች ይመስል ቆም አለችና መሬቱን መጫር ጀመረች። እልል ልል ስል አፌን ያዝኩ! በሌላው ቀን ግን ቄቧ ጥግ ገባችና መውጫ አጣች፤ ደሟ እንደገና የፈሰሰውም የዚያን ቀን ነው።

ስለዚህ መጋረጃ ያስፈልጋታል፤ ጥግ ግን ይገድላታል።

እንጨቶቹን በሙሉ እኩል ቁመት ላይ አጋደምኳቸው። አሮጌ ሰሌን ቀድጄ ከእንጨቶቹ እስከ ወለሉ በየመካከሉ ሰቀልኩ። ከግድግዳው ጋር ግን አላጋጠምኩትም፤ በአንድ ጫፍ የተባረረች በሌላው እንድትወጣ በሁለቱም በኩል ዶሮ የሚያሳልፍ ክፍተት ተውኩ። ገብሱንም አንድ ቦታ መበተን ትቼ ሦስት ቦታ በተንኩት፤ ውሃውን በሁለት ገል አደረግሁት።

አንዷ ጥጃ ከታች ያለውን ሰሌን በላችው። በምትኩ ጨፈቃ አቆምኩ። ጨፈቃውን ገፍታ ጣለችው። በጠፍር አሰርኩት።

«አሁንስ ተይው፣ ልጄ፤ ዶሮ ናት እኮ» አለችኝ አክስቴ።

አልተውኩም። ጠፍሩን ደግሜ አጠበቅሁት።

የሆሣዕና ዋዜማ እናቴ ሳትጠራ መጣች። ቄቧን ከእንጨቱ አነሣቻት። ጀርባዋን በጣቷ ስትዳብስ ተጠግቼ አየሁ። መርፌ መርፌ የሚያክል አዲስ ላባ ወጥቶላታል። ደም የለም። ከዚያ እጇን ወደ ቄቧ ሆድ ሰደደችና ደጋግማ ዳሰሰች።

«ምነው እማዬ?»

«እንቁላል ይዛለች።» ቄቧን ቀስ ብላ መለሰቻት። «አባትሽን ንገሪያቸው፤ ለፋሲካው ከገበያ ሌላ ይፈለግ።»

የእማዬ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። እሷ ግን ገፋ አደረገችኝ።

«ታዲያ የት ነው የምትጥለው? ያለን አንድ ቅርጫት ነው፤ እሱም ላይ ቀይቱ ተቀምጣበታለች!»

ይህንንስ አላሰብኩትም ነበር። ጭድ ላመጣ ሮጥኩ።