ወደ ቀኝ የምትስብ መኪና

አባቴ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትስባለች ማለት የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መጀመሪያ የነገረው ለእናቴ ነበር፤ ከሾላ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ጭነው ሲመለሱ። እናቴ ስለ መኪና የምታውቀው በሩን መዝጋት ብቻ ስለሆነ፣ "እንግዲያው ለመካኒክ አሳያት" አለችው። ለእኔ የነገረኝ በማግስቱ፣ እሁድ ከቸርች ስንወጣ ነው።

"ከፊት በኩል የሆነ ነገር አለ። መሪውን ትንሽ ላላ ሳደርግላት ወደ ዳር ትሄዳለች" አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማበት የፈለገ ይመስል።

አባቴ ሾፌር ነበር። በወጣትነቱ ከወለጋ መጥቶ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የመስክ መኪና ሲነዳ ኖሯል። ጎዴ፣ መተማ፣ ጂንካ፣ ያልደረሰበት የለም። ልጅ ሆኜ አባቴን የማውቀው በአብዛኛው ሲመጣና ሲሄድ ነው፤ ጫማው አቧራ ለብሶ ይገባል፣ ሁለት ቀን ይተኛል፣ ደግሞ ይወጣል። ጡረታ ሲወጣ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ገዛ። ለሚ ኩራ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ሥር ያቆማትና ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ይዞ ወርዶ ይወለውላታል። የሚሄድበት ቦታ ባይኖርም ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጠዋል። ስለዚህ መኪናዋ ትስባለች ሲል የተጠራጠረው አልነበረም። እሱ ካለ አለ ነው።

ቅዳሜ ሥራ ስለማልገባ አብሬው መዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድነው ጎሚስታ ጋ ነው። የጎማዎቹ ንፋስ ተለካ፤ የቀኙ የፊት ጎማ ትንሽ ጎድሎ ስለነበር ተሞላ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አቀያይሩልኝ አለ። ለምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ ፊቱ በርቶ ነበር።

"ጥፋቱ የጎማው ከሆነ አሁን ወደ ግራ ነው መሳብ ያለባት። አሁንም ወደ ቀኝ ከሳበች ጎማው የለበትም ማለት ነው።"

እንደገና ወደ ቀኝ ሳበች።

ከዚያ ገርጂ ወዳለው ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ አባቴን ለብዙ ዓመት የሚያውቅ፣ ሲያየው ከተኛበት መኪና ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ የሚቀበለው ሰው ነው። የመኪናዋን ፊት በክሪክ አነሳና ሁለቱንም ጎማ በተራ በእጁ አሽከረከረ። የግራው እንደ ልብ ዞረ። የቀኙ ከበድ አለና ቶሎ ቆመ።

"ጋሼ፣ ፍሬኑ ነው። ከያዘ በኋላ በደንብ አይለቅም" አለ።

"አላልኩሽም?" አለኝ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ።

ፍሬኑ ተፈታ፣ ጸዳ፣ ተገጠመ። ያን ቀን ከገርጂ እስከ ቤት ድረስ በልጅነቱ በኦሮምኛ የተማረውን መዝሙር እያንጎራጎረ ነዳ። እኔም ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ቦሌ ያለው ቢሮዬ ስብሰባ ላይ ሆኜ ደወለልኝ። አባቴ በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ ስለማያውቅ ተነስቼ ወጣሁ። ሰሚት አካባቢ መንገድ ዳር የቆመ ሚኒባስ ታክሲ ገጭቶ ነበር። ስደርስ የመኪናችን የቀኝ ስፖኪዮ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል፤ በሩ ከዳር እስከ ዳር ተፍቋል። የታክሲው ሾፌር እንኳ የአባቴን ሁኔታ አይቶ መቆጣቱን ትቶታል። "አባባ፣ ይረጋጉ፣ ብረት ነው" ይለዋል። አባቴ አስፋልቱ ላይ ቆሞ መኪናዋን ያያል።

"ይዛኝ ሄደች" አለኝ። "እኔ ቀጥ አድርጌ ይዣት ነበር፤ ይዛኝ ሄደች።"

በማግስቱ እንደገና ጋራዥ ገባን። የጎማዎቹን አቅጣጫ የሚለካው ማሽን ላይ ወጣች። መካኒኩ ስክሪኑን አሳየው፤ ሁሉም ልክ ነው። አባቴ አላመነም። ማሽኑ የተበላሸ እንደሆነስ ብሎ ሌላ ቦታም አስለካት፤ እዚያም ልክ ነው ተባለ። በመጨረሻ መካኒኩ ራሱ ነድቶ ሊያያት ወጣ። አባቴ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። መንገዱን አንድ ጊዜ ሄደን ተመለስን።

"ጋሼ፣ እኔ ምንም አልታየኝም። አስፋልቱ ለውሃ ብለው ወደ ዳር ትንሽ ያዘነብሉታል፤ እሱ ይሆን?"

"አስፋልት አላውቅም እንዴ?" አለ አባቴ። ተቆጥቶ ሲናገር የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር። መካኒኩ፣ "ይቅርታ ጋሼ" አለና መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጋራዡ መለሳት።

የሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት አባቴ ቁልፉን ሰጠኝ። "አንቺ ንጂ፤ እኔ ልያት" አለኝ። ከሰፈራችን ወጣ ብሎ ባላለቁ ሕንፃዎች መካከል የሚያልፍ ሰፊ አዲስ መንገድ አለ፤ እሁድ እሁድ መኪና አይበዛበትም። መሃሉን ይዤ ነዳሁ።

"አሁን ልቀቂው።"

እጆቼን ከመሪው ላይ ትንሽ አነሳሁ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የመንገዱን መስመር ያያል።

"ያዢው። ፍጥነት ጨምሪ። አሁን ልቀቂው።"

አሁንም ቀጥ አለች። አባቴ ዳር አስያዘኝና ቦታ ተለዋወጥን። እሱ መንዳት እንደጀመረ መኪናዋ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረች። የማየው መንገዱን አልነበረም፤ እጆቹን ነበር። ቀኝ እጁ መሪው ላይ ነው። ግራው ጉልበቱ ላይ ወድቋል፤ መዳፉ ወደ ላይ ተከፍቷል።

"አባዬ፣ ግራ እጅህ።"

"ምን ሆነ?"

"መሪው ላይ አይደለም።"

"ይዤዋለሁ እኮ" አለና ዝቅ ብሎ አየ። ከዚያ መኪናዋን በአንድ እጁ፣ በጥንቃቄ ዳር አስያዛትና ሞተሩን አጠፋ። እጁን አንስቶ ጣቶቹን ለመጨበጥ ሞከረ። ቀለበት ያለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ዘግይተው መጡ፤ ከዚያም ተመልሰው ተከፈቱ።

"መኪናዋ ምንም አልሆነችም" አለ።

እጁን ያዝኩት፤ ይሞቃል፤ እንደ ድሮው እጁ ነው። "ለእናትሽ እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት" አለኝና በሩን ከፍቶ ወረደ። ከዚያን ቀን ወዲህ መሪ አልያዘም።

ቦሌ ያለ አንድ ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። አባቴን እያስነሳች እያስቀመጠች፣ ዓይኑን እያስጨፈነች ብዙ ጠየቀችው። ከእጁ ዕቃ ይወድቅ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ የለም አለ። እናቴ ግን ከጥግ ሆና፣ "ነጠላ ጫማው ይወልቅበታል" አለች። "የግራው። ወልቆበት ሳይታወቀው ሳሎን ድረስ ይሄዳል። እኔ አንስቼ አምጥቼ አጠልቅለታለሁ፤ እርጅና ነው ብዬ።" አባቴ እንደ እንግዳ ሰው አያት።

የጭንቅላቱ ምስል ወጣ። በቀኝ በኩል፣ ከውስጥ፣ ግራ እጅና እግሩን በሚያዘው ክፍል ላይ ዕጢ ነበር። ሐኪሟ ሦስታችንንም አስቀምጣ ነገረችን። ቦታው ለቀዶ ጥገና እንደማይመች፣ መድኃኒቱ እብጠቱን ለጊዜው እንደሚቀንስለት፣ ነገር ግን እንደማያድነው ሳትደብቅ አስረዳች። አባቴ እስክትጨርስ ጠበቃትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

"መድኃኒቱን ስወስድ መንዳት እችላለሁ?"

"አይ አባባ፤ ከእንግዲህ አይነዱም።"

"እሺ" አለ። "ልጄ ትነዳለች።"

እኔ ነዳሁ። ለሐኪም ስንመላለስ ከጎኔ ይቀመጥና ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ይረግጣል፤ እኔ ፍሬን ሳልይዝ በፊት እሱ ይይዛል። መጀመሪያ አካባቢ ያወራኝ ነበር፤ የቱ መስመር እንደሚሻል፣ ከመገናኛው መጨናነቅ በየት በኩል እንደማመልጥ። በኋላ አማርኛው መጥፋት ጀመረ። ውሃ ሲፈልግ "ቢሻን" ይላል። እናቴን የሚጠራት በኦሮምኛ ነው፤ ድሮ አገር ቤት ሲተዋወቁ ይጠራት በነበረው ስም። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ከኦሮምኛ የማውቀው ሰላምታና የምግብ ስም ነው። አባቴ አንድ ነገር ሲናገር የእናቴን ፊት አይቼ ነው የሚያስቅ ይሁን የሚያሳዝን የምለየው። አንዳንዴ ትተረጉምልኛለች። አንዳንዴ፣ "ይሄ ለእኔ ነው" ትለኛለች።

መጨረሻ ላይ ከሆስፒታል ስመልሰው ዝናብ እየጣለ ነበር። ቦሌ መንገድ ተዘግቶ መኪኖቹ አይነቃነቁም። ከኋላ የተቀመጠችው እናቴ እንቅልፍ ወስዷታል። አባቴ አንገቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ፣ ዓይኑን ሳይከፍት "ሱታ፣ ሱታ ኦፊ" አለኝ። ቀስ ብለሽ ንጂ። ማንም ሳይተረጉምልኝ የገባኝ እሱ ብቻ ነው። "እሺ አባዬ" አልኩት። መኪናችን ቆማ ነበር።

ከፋሲካ በፊት ቤቱ አልጋው ላይ ሆኖ፣ እናቴ አጠገቡ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበበችለት ዐረፈ።

ለቅሶው ላይ ድሮ አብረውት የሠሩ ሾፌሮች ተጠራርተው መጡ። ሁሉም ሸምግለዋል። ከመካከላቸው አንዱ እናቴ አጠገብ ተቀምጦ እንዲህ ሲል አጫወታት፦ ከጂንካ ወዲያ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት አሳፍረው ሲመጡ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው። ሌሎቹ እንመለስ ሲሉ አባቴ ጫማውን አውልቆ ወንዙ ውስጥ ገባ። መሬቱን በእግሩ እየዳሰሰ ወዲያ ማዶ ተሻገረ፤ መኪናው የሚያልፍበትን ለይቶ ተመለሰና ነድቶ አሻገራቸው። ሴትየዋም ጤና ጣቢያ ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

እናቴ አፍ አፉን እያየች ሰማችው። ይህን ሁሉ ዓመት አብራው ስትኖር አባቴ ይህን አልነገራትም።

"ውሃው ምን ያህል ነበር?" አለችው።

ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "እስከዚህ፣ እህቴ።"

እናቴ የራሷን እጅ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "እስከዚህ?" አለች፤ ፊቷንም በነጠላዋ ሸፈነች።