የመድኃኒት ውሃ ፎቅ ላይ

ጉርድ ሾላ ፎቅ ስንሠራ ሲሚንቶ በመሸከም ማንም አይደርስብኝም ነበር። ካላመንክ ትከሻዬን እይ፣ እስካሁን እንደጎበጠ ነው። ጠዋት ከየካ አባዶ በታክሲ ተጋፍቼ ስመጣ ሥራ ሳልጀምር ነው የሚደክመኝ። ከተማው ሁሉ ፎቅ ይሠራል፤ ተሸካሚው ግን እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አጠገባችን ያለው ቤት ሰገነት ላይ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ብርጭቆ ደርድራ ስታማስል ትውላለች። አንድ ቀን ጮሃ ጠራችኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ፎቃችሁ የት ሲደርስ ነው የሚያቆመው?»

«እግዜርን ሰላም ስንል!»

አልሳቀችም። «ፀሐዬን ከለላችሁብኝ እኮ» አለች።

ሰው የሚውጠው አንቲባዮቲክ በሽንት ወጥቶ ወንዝ ይገባል አለችኝ። እሷ ታዲያ ናኖኮምፖዚት የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ዱቄት ቀላቅላ ሠርታለች። ውሃው ውስጥ ጨምረውት ፀሐይ ስትመታው መድኃኒቱን ይሰባብረዋል። በመብራት ሠርቶላታል፤ አስተማሪዋ ግን በፀሐይ ብቻ ካላሳየሽኝ አትመረቂም ብለዋታል። ክረምት ደግሞ መጣ። የኛ ፎቅ ጥላ ሰገነቷን ውጦታል፤ ያን ጥላ በከረጢት ተሸክሜ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

«እሑድ እሑድ ሶሌታውን፣ አዲስ የተሞላውን የወለል ኮንክሪት፣ እንዳይሰነጠቅ ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ» አልኳት። «ዕቃሽን ስጪኝ። እዚያ ከኔ በላይ ያለችው ፀሐይ ብቻ ናት።»

«ብትደፋውስ?»

«እኔ? እንቁላል ተሸክሜ ቦሌን የዞርኩ ሰው!» ውሸቴን ነው።

ፎርማኑ የሰጠችኝን መድኃኒት ያለበት ቢጫ ውሃ ሲያይ «ጠጅ ነው እንዴ?» አለ።

«ቴትራሳይክሊን ነው ጋሼ። ይቅመሱ?»

«ሂድ ወዲያ!» አለ እንጂ አልከለከለኝም።

እሷ የባሕር ዛፉን መወጣጫ ስታይ መውጣት ፈራች። ስለዚህ እሑድ ብቻዬን ወጥቼ ውሃውን ከዱቄቱ ጋር አማሰልኩ። ሰዓቱ ደረሰ ብላ ከሰገነቷ እጇን ባነሳች ቁጥር በሲሪንጅ ቀድቼ፣ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ፣ ብርሃን እንዳይነካው በጥቁር ፌስታል እጠቀልላለሁ። ደመና በመጣ ቁጥር ሁለታችንም ወደ ላይ እናፈጣለን። ሲገለጥ ደግሞ ፀሐይዋ አናቴን ጠበሰችው። መድኃኒቱም እንደኔ ከሆነ አለቀለት አልኩ።

ጠርሙሶቹን ትምህርት ቤቷ ወስዳ በማሽን ለካች። ከቀናት በኋላ ከታች ጩኸቷን ሰማሁ፤ «ሠራ! በፀሐይ ብቻ ሠራ!»

«እኔ ይዤው እንዴት አይሠራም?» ልላት ነበር። ትንፋሽ አጠረኝ። ከረጢት ተሸክሜ ስለነበር እጄንም አላነሳሁላትም። አንገቴን ነቀነቅኩና ወደ ስድስተኛው ፎቅ ወጣሁ።

ከላይ ሆኜ ሳያት ሰገነቷ ጥላ ውስጥ ነበር። እሷ ግን ከእንግዲህ ፀሐይ አትጠብቅም፤ ብርጭቆዎቿን ትሰበስባለች፣ ሳትቸኩል።